ሊኑክስ ሚንት እምቢ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚሰራበት ሲስተም ነው፤ ሊኑክስ ሚንት ደግሞ ለጀማሪ ከሚመከሩ የሊኑክስ አይነቶች ከፊት የሚጠራ ነው። ከ2006 ጀምሮ በነጻ ይሰራጫል፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ መልኩም ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው አይከብድም። ያም ሆኖ አንዳንዴ ያስቸግራል። ያኔ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሃሳብ «ፎርማት አድርጌ እንደገና ልጫነው» ነው። እኔ ይህን አልመክርም። ችግሩ የድራይቨር (ሲስተሙ ከአንድ የኮምፒውተሩ ክፍል ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም) ከሆነ፣ ከአዲስ ጭነት በኋላም እዚያው ጥቁር ስክሪን ፊት ትቀመጣላችሁ። በመሃል ሰነድና ፎቶ ይጠፋል።

የሚሻለው አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው። ኮምፒውተሩ የቆመው የት ላይ ነው? ሚንት የሚነሳው በደረጃ ነው። መጀመሪያ ባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ እንደበራ የሚሰራው የማሽኑ የራሱ ፕሮግራም፣ የሚነሳበትን ዲስክ ይፈልጋል። ቀጥሎ ግረብ የሚባለው ማስነሻ ይመጣል። ከዚያ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነሉ ሃርድዌሩን አንድ በአንድ ያነቃል። ከዚያ የመግቢያው ስክሪን፣ በመጨረሻም ዴስክቶፑ ይመጣል። የቆመበትን ደረጃ ካወቃችሁ የምትጠረጥሩት ነገር ከብዙ ወደ አንድ ወይም ሁለት ይወርዳል። ከዚህ በታች ያለውም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል። የማነሳቸው ሜኑዎች ሲናሞን የሚባለው የሚንት ዴስክቶፕ እትም ናቸው። ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ የሚባሉት ሌሎቹ እትሞች ላይ ቦታቸው ትንሽ ቢለያይም ነገሩ ያው ነው።

ምንም ነገር ከመነካካታችሁ በፊት ሁለት ነገር ልብ በሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሶስት ነገር ቀይራችሁ ቢስተካከል የትኛው እንደፈታው አታውቁም፤ ቢባባስም የትኛው እንዳባባሰው አታውቁም። ሁለተኛው፣ ሚንት ደህና እያለ አብሮት የሚመጣውን ታይምሺፍት የሚባል ፕሮግራም ከፍታችሁ ስናፕሾት፣ ማለትም የሲስተሙን የዚያን ጊዜ ቅጂ፣ አንሱ። አፕዴት ወይም ድራይቨር ሲያበላሸው ወደዚያ ቀን ትመልሱታላችሁ። ታይምሺፍት የሚጠብቀው ግን ሲስተሙን ነው። ካላዘዛችሁት በስተቀር የግል ሰነዶቻችሁን አያስቀምጥም። ለእነሱ በሌላ ዲስክ ላይ ባክአፕ ያስፈልጋል።

ፍላሹ አይነሳም

ሚንት የያዘውን ፍላሽ ሰክታችሁ ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልተሰካበት ቀጥታ ወደ ዊንዶውስ ከሄደ፣ ጉዳዩ የባዮሱ ቅደም ተከተል ነው። ኮምፒውተሩ እንደበራ የቡት ሜኑውን የሚያወጣውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ንኩ። እንደ ኮምፒውተሩ ስሪት ኤፍ 12፣ ኤፍ 10፣ ኤፍ 9፣ ኤፍ 2 ወይም ኢስኬፕ ሊሆን ይችላል። ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ምረጡ።

ፍላሹ ከነጭራሹ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለስ? ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያወረዳችሁት የአይኤስኦ ፋይል (ሚንትን ሙሉውን የያዘው) እንደ ተራ ፋይል ፍላሹ ላይ ኮፒ መደረጉ ነው። እንዲህ አይነሳም። ኢቸር ወይም ሩፈስ በሚባል የፍላሽ መጻፊያ ፕሮግራም መጻፍ አለበት። ሌላ ሚንት ያለበት ኮምፒውተር ካገኛችሁ ዩኤስቢ ኢሜጅ ራይተር አብሮት አለ። ፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ ስታደርጉ ይመጣል። ፍላሹ ላይ ያለው ነገር ሁሉ እንደሚጠፋ አስቀድማችሁ እወቁ።

ፍላሹ ተነስቶ መሃል ላይ ስኳሽኤፍኤስ ስለሚባል ነገር የስህተት መስመሮች ከደረደረ፣ ወይም ጭነቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ስህተት ብሎ ከቆመ፣ የወረደው ፋይል ጎድሏል ወይም ፍላሹ ደክሟል። የሚንት ማስነሻ ሜኑ ላይ የፍላሹን ጤንነት የሚፈትሽ ምርጫ አለ። መጀመሪያ እሱን አስኪዱ። ስህተት ካገኘ ሌላ ፍላሽ ሞክሩ። እሱም ካልሰራ ፋይሉን እንደገና አውርዱ።

ያወረዳችሁትን ፋይል ኤስኤችኤ256 በሚባለው፣ ከፋይሉ ይዘት በሚሰላ መለያ ቁጥር ማመሳከርን ግን እንደ ትርፍ ስራ አትዩት። በየካቲት 2016 የሚንት ድረገጽ ተሰብሮ የ17.3 ሲናሞን እትም ማውረጃ የኋላ በር (ለሰርጎ ገብ የተተወ ድብቅ መግቢያ) ወደተቀበረበት ፋይል እንዲመራ ተደርጎ ነበር። እንዲህ ያለ ፋይል ከትክክለኛው ቁጥር ጋር ሲመሳከር ልዩነቱ ይታያል። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ጥቁር ስክሪን

ጀማሪን በጣም የሚያስደነግጠው ይሄ ነው። የሚንት አርማ ይታያል፣ ከዚያ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ የላፕቶፑ ፋን ይሽከረከራል፣ ሌላ ምንም የለም። ሰው ኮምፒውተሩ የተበላሸ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ኮምፒውተሩ ደህና ነው፤ ሚንትም ከኋላ እየሰራ ነው። የጠፋው ምስሉ ብቻ ነው።

ዋናው ተጠርጣሪ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ነው። ሚንት ሲመጣ ይዞት የሚነሳው ኑቮ የሚባለውን ክፍት ድራይቨር ነው። ኑቮ ከብዙ ካርዶች ጋር ይግባባል፤ ከአንዳንዶቹ ጋር ግን፣ በተለይ አዳዲሶቹ ጋር፣ አይግባባም። መፍትሄው ሶስት እርምጃ አለው። ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛው ላይ ነው።

ከፍላሹ ስትነሱ ከማስነሻው ሜኑ ላይ ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ የሚለውን ምረጡ። ያኔ ምስሉ ይመጣል፤ ምናልባት ደብዘዝ ወይም ተለቅ ብሎ ይታያል፤ ግን ይሰራል። ጫኑት።

አሁን ሁለተኛው። ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ የሚሰራው ለፍላሹ ብቻ ነው። ጭነቱ አልቆ ፍላሹን ነቅላችሁ ስትነሱ ጥቁሩ ስክሪን ተመልሶ ይመጣል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ጭነቱ የተበላሸ መስሎት እንደገና ሀ ብሎ የሚጀምረው። አያስፈልግም። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩትና ወዲያው ኢስኬፕ ንኩ። የቆየ ባዮስ ያለው ከሆነ ሺፍትን ተጭናችሁ ያዙ። የግረብ ሜኑ ይመጣል። አድቫንስድ ኦፕሽንስ ግቡ፣ ሪከቨሪ ሞድ የሚል ያለበትን መስመር ምረጡ፣ በሚመጣው ትንሽ ሜኑ ላይ ሪዚዩም በሉ። ሪከቨሪ ሞድ የግራፊክስ ድራይቨሩ በጊዜ እንዳይነሳ ስለሚያደርግ ዴስክቶፑ ላይ ትደርሳላችሁ።

ሶስተኛው፣ ዴስክቶፑ ላይ እንደደረሳችሁ ድራይቨር ማናጀርን ክፈቱ። ለካርዳችሁ የሚሆኑትን ድራይቨሮች ይዘረዝራል፤ አንዱ ላይ የሚመከር የሚል ምልክት አለ። እሱን መርጣችሁ ጫኑና ሪስታርት አድርጉ። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚህ ያበቃል።

ድራይቨሩን ጭናችሁም ምንም ካልተለወጠ ሴኪውር ቡትን፣ ማለትም ያልታመነ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ሲነሳ እንዳይገባ የሚከለክለውን የባዮስ ጥበቃ፣ አስቡ። ሴኪውር ቡት የበራበት ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለ ድራይቨር ስትጭኑ ሚንት አንድ ጊዜያዊ ፓስወርድ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይጠብቅና ቁልፍ ካልነካችሁ ያልፋል። እዚያ ላይ ኢንሮል ኤምኦኬ የሚለውን መርጣችሁ ያንን ፓስወርድ ማስገባት አለባችሁ። ዝም ብላችሁ ካለፋችሁት ድራይቨሩ ተጭኗል ግን አይነሳም። ድራይቨሩን አውጥታችሁ እንደገና ብትጭኑት ሰማያዊው ስክሪን ይመለሳል። ካልፈለጋችሁ ሴኪውር ቡትን ከባዮሱ ማጥፋት ትችላላችሁ።

ጥቁሩ ስክሪን የመጣው ደህና ሲሰራ ቆይቶ ከአፕዴት በኋላ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ተጠርጣሪው አዲሱ ከርነል ነው። ሚንት አሮጌውን ከርነል ወዲያው አይጥለውም። በግረብ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ቁጥሩ አነስ ያለውን መርጣችሁ ተነሱ። ከሰራ መንስኤውን አገኛችሁት ማለት ነው። አፕዴት ማናጀር ውስጥ ቪው ብላችሁ ሊኑክስ ከርነልስ ስትገቡ ያስቸገረውን ማውጣት ትችላላችሁ። ካልሆነም በታይምሺፍት ከአፕዴቱ በፊት ወደነበረው ተመለሱ።

የሚጫንበት ዲስክ አይታይም

ጫኚው ዲስክ የለም ካለ፣ ዊንዶውስ ግን እዚያው ዲስክ ላይ እየሰራ ከሆነ፣ ኢንቴል አርኤስቲ የሚባለው የዲስክ አሰራር ባዮሱ ውስጥ በርቷል ማለት ነው። ኤኤችሲአይ ወደሚባለው የተለመደ አሰራር መቀየር አለበት። ተጠንቀቁ፤ ዝም ብላችሁ ከቀየራችሁት ዊንዶውስ አልነሳም ይላል። መጀመሪያ ዊንዶውስ በሚቀጥለው ጊዜ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ እዘዙ፣ ከዚያ ባዮሱ ውስጥ ቀይሩ፣ ሴፍ ሞዱ አንዴ በደህና ከተነሳ በኋላ ወደ መደበኛው መልሱት።

ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ ከተቆለፈም እንዲሁ። ባዮስ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት የማገገሚያ ቁልፉ እጃችሁ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ያለሱ የዊንዶውስ ፋይሎቻችሁን ውሃ በላቸው ማለት ነው።

ጭኜ ጨረስኩ፣ የሚነሳው ግን ዊንዶውስ ነው

ባዮሱ አሁንም ዊንዶውስን እያስቀደመ ነው። ባዮስ ገብታችሁ በቡት ቅደም ተከተሉ ላይ ኡቡንቱ የሚለውን ወደ ላይ አውጡት። ሚንት በኡቡንቱ ላይ ስለተሰራ እዚያ የሚታየው በዚያ ስም ነው፤ የሌላ ሲስተም መስሏችሁ አትለፉት። ከነጭራሹ ከሌለ ከሚንቱ ፍላሽ ተነሱና ሜኑ ውስጥ ቡት ሪፔር የሚባለውን ክፈቱ። የሚመክረውን ጥገና ተቀበሉ።

አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። በነሐሴ 2024 የወጣ የዊንዶውስ አፕዴት ሁለቱንም ሲስተም አጣምረው በሚጠቀሙ ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክስ እንዳይነሳ አድርጎ ነበር። ምልክቱ ኤስባት የሚል ቃል ያለበት የሴኪውሪቲ ፖሊሲ ስህተት ታይቶ ኮምፒውተሩ ወዲያው መጥፋቱ ነው። አሮጌ የሚንት ፍላሽ ላይ ዛሬም ልታዩት ትችላላችሁ። ሴኪውር ቡትን ከባዮስ አጥፍታችሁ ግቡና ሚንትን ሙሉ በሙሉ አፕዴት አድርጉ። ፍላሽ ከሆነ በአዲስ እትም ጻፉት።

ፓስወርድ አስገባለሁ፣ መልሶ መግቢያው ላይ ይጥለኛል

ይህን በቅርብ ያየሁት የአንድ ወዳጄ ላፕቶፕ ላይ ነው። ፓስወርዱን ያስገባል። ስክሪኑ ለአፍታ ይጠቁራል። ከዚያ መልሶ ያው የመግቢያ ሳጥን ይመጣል። «ፓስወርዴ ተቀይሯል» ብሎ ደምድሞ ነበር። ነገር ግን ፓስወርድ ሲሳሳት ሚንት ትክክል አይደለም የሚል ጽሁፍ ያሳያል። እዚህ ምንም ጽሁፍ የለም። ይህች ትንሽ ልዩነት ብቻ ፓስወርዱን ነጻ ታወጣዋለች።

ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 1 አንድ ላይ ተጫንን። ጥቁር የጽሁፍ ስክሪን መጣ፤ ስምና ፓስወርድ ጠየቀ። አስገባ፤ ተቀበለው። ስለዚህ ሲስተሙ ይሰራል፣ ፓስወርዱም ልክ ነው፤ ያልተነሳው ዴስክቶፑ ብቻ ነው። እዚያው ዲ እና ኤፍ የሚሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት በትንሹ ጽፈን ኢንተር አልን። የዲስኮቹ ዝርዝር መጣ። የዋናው ክፍል መስመር፣ በአንድ እዝባር ምልክት ብቻ የሚታወቀው፣ 100 በመቶ ይላል። ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዴስክቶፑ ሲነሳ መጻፍ ያለበት ትናንሽ ፋይል አለ። የሚጽፍበት ቦታ ሲያጣ ተመልሶ ይወድቃል።

ዲስኩን የሞላው ማን ነው? ታይምሺፍት። በየሰዓቱም፣ በየቀኑም፣ በየሳምንቱም እንዲያነሳ ታዟል፤ ስናፕሾቶቹን የሚያስቀምጠው ደግሞ እዚያው ጠባብ ክፍል ላይ ነው። ከሚንቱ ፍላሽ ተነስተን ታይምሺፍትን ከዚያ ከፈትን፣ የላፕቶፑን ዲስክ መረጥን፣ አሮጌዎቹን ስናፕሾቶች ሰረዝን። ፍላሹን ነቅለን ስንነሳ ቀጥ ብሎ ገባ። እናንተም ታይምሺፍት ላይ ሁለት ዕለታዊና ሁለት የቡት ስናፕሾት ብቻ እንዲያስቀር እዘዙት። ለቤት ተጠቃሚ ከበቂ በላይ ነው። ከተቻለ ሌላ ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ አድርጉ።

ዲስኩ ሳይሞላም ይሄው ምልክት ሊመጣ ይችላል። የመስኮት ፕሮግራምን በአስተዳዳሪ ስልጣን ከተርሚናል የከፈተ ሰው፣ በግል ፎልደሩ ውስጥ ኤክስኦቶሪቲ የሚባለው ድብቅ ፋይል ባለቤትነቱ ሊቀየርበት ይችላል። ያኔ ዴስክቶፑ የራሱን ፋይል መክፈት ያቅተዋል። ከፍላሹ ተነሱ፣ የላፕቶፑን ዲስክ ክፈቱ፣ የግል ፎልደራችሁ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ በአስተዳዳሪ ስልጣን ክፈቱት። ኮንትሮልና ኤች ስትጫኑ ድብቆቹ ይታያሉ። ያንን ፋይል ሰርዙት። ስትገቡ ሚንት ራሱ አዲስ ይሰራል። ስሙ በነጥብ የሚጀምረው እሱ ብቻ አይደለምና ሌሎቹን አትንኩ።

ፓስወርዱ በእውነት አልቀበልም ካለ ደግሞ ካፕስ ሎክንና የኪቦርዱን ቋንቋ እዩ። ኪቦርዱ ሌላ ቋንቋ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በነጠብጣብ ስለሚሸፈን ምን እንደምትጽፉ አይታያችሁም። ስም የሚጻፍበት ሳጥን ካለ እዚያ ላይ ፓስወርዱን ጽፋችሁ ፊደሎቹን ማየት ትችላላችሁ። ሰው አጠገባችሁ አለመኖሩን ብቻ እዩ።

ዋይፋይ የለም

መጀመሪያ የላፕቶፑን የአውሮፕላን ምልክት ያለበት ቁልፍ ወይም የዋይፋይ ማብሪያ ተመልከቱ። ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚያልቀው።

እሱ ካልሆነና የኔትዎርክ ሜኑው ዋይፋይ የሚል ነገር ጭራሽ ካላሳየ፣ ድራይቨር ጎድሏል። የብሮድኮም ካርዶች በዚህ ይታወቃሉ። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ። መውጫው ግን እዳው ገብስ ነው። ስልካችሁን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና የስልኩን ኢንተርኔት በዩኤስቢ አጋሩ። ሚንት እንደ ገመድ ኔትዎርክ ቆጥሮ ወዲያው ይቀበለዋል። ከዚያ ድራይቨር ማናጀር ግቡና የሚመክረውን ጫኑ። ስልክም ከሌለ የጫናችሁበትን ፍላሽ ሰክታችሁ ድራይቨር ማናጀርን ክፈቱ። ከ21.1 እትም ጀምሮ ኢንተርኔት በሌለበት ፍላሹን አውቆ ከሱ ላይ ለመጠቀም ያግዛችኋል።

ላፕቶፑ ገና አዲስ ስሪት ከሆነና ድራይቨር ማናጀርም ምንም ካላገኘ፣ ካርዱ ከከርነሉ በኋላ የተሰራ ሊሆን ይችላል። በስልክ ኢንተርኔት ገብታችሁ አፕዴት ማናጀር ውስጥ ካሉት ከርነሎች አዲሱን ሞክሩ።

ድምጽ የለም

የድምጽ ምልክቱ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉና የውጤት መሳሪያውን ተመልከቱ። ቴሌቪዥን ወይም ሞኒተር በኤችዲኤምአይ ከተሰካ ሚንት ድምጹን ወደዚያ ልኮት ይሆናል። የላፕቶፑን ስፒከር መልሳችሁ ምረጡ። ዳሚ አውትፑት የሚል ብቻ ካለ ግን ከርነሉ የድምጽ ካርዱን አላወቀውም። አዲስ ላፕቶፕ ላይ እንደ ዋይፋዩ ሁሉ አዲስ ከርነል ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

የዊንዶውስ ዲስክ ይነበባል፣ አይጻፍበትም

ሚንት ውስጥ ሆናችሁ የዊንዶውስን ክፍል ስትከፍቱ ፋይሎቹ ይታያሉ፤ ማስቀመጥ ግን አይቻልም። ወይም ጭራሽ አይከፈትም። መንስኤው ዊንዶውስ በእውነት አለመጥፋቱ ነው። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ነገር ሲበራ፣ ዊንዶውስ ሲዘጋ ግማሽ ነገሩን ዲስክ ላይ አስተኝቶ ነው የሚወጣው። ሚንት ያንን ሲያይ ፋይል እንዳይበላሽ ብሎ እጁን ይሰበስባል። ትክክል ነው ያደረገው። በግድ እንዲጽፍ የሚያደርጉ ትዕዛዞች ብታገኙም አትጠቀሙባቸው። ዊንዶውስ ገብታችሁ በኮንትሮል ፓነል የፓወር ኦፕሽንስ ክፍል ውስጥ የማጥፊያ ቁልፎቹ ምን እንደሚሰሩ የሚወሰንበት ገጽ አለ፤ ፋስት ስታርትአፕን ከዚያ አጥፉ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ዝጉት።

ሰዓቱ በሁለቱ ሲስተሞች መሃል የሚዛባባችሁም ከተመሳሳይ አብሮ የመኖር ጣጣ ነው። ሚንት በኮምፒውተሩ ሰዓት ላይ የዓለም አቀፉን ሰዓት ይጽፋል። ዊንዶውስ ደግሞ ያንን የአካባቢ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ሁለቱም ላይ ሰዓት ከኢንተርኔት እንዲወሰድ ካደረጋችሁ ይስተካከላል። ዊንዶውስ ቶሎ ካላስተካከለ የቀንና ሰዓት ገጹ ላይ አሁን አመሳስል የሚል ቁልፍ አለው።

አፕዴት አይወርድም፣ ፕሮግራም አይጫንም

አፕዴቱ በጣም ከዘገየ ወይም ፋይል አልተገኘም ካለ ሶፍትዌር ሶርስስ ግቡ። ላይ ያሉት ሁለት መስመሮች አፕዴት የሚወርድባቸው ሰርቨሮች ናቸው። ስትነኳቸው የየሰርቨሩን ፍጥነት ለክቶ ይደረድራል፤ ፈጣኑን ምረጡ። ከዚህ በፊት ከሌላ ቦታ የጨመራችሁት የፒፒኤ ምንጭ (ከሚንት ውጭ ያለ የፕሮግራም ማውረጃ) ካለ እሱም ተጠርጣሪ ነው። ምልክቱን አንሱለትና እንደገና ሞክሩ። እዚያው ሜንቴናንስ የሚል ክፍል የተበላሹ ዝርዝሮችን የሚጠግን ቁልፍ አለው።

ሌላ ፕሮግራም ስለያዘው መቀጠል አልቻልኩም ካለ፣ ብዙ ጊዜ ከኋላ የራሱ አፕዴት እየሄደ ነው። ታገሱት። በመሃል በግድ ማጥፋት የሚጫኑትን የፕሮግራም ጥቅሎች ግማሽ ላይ ያስቀራቸዋል። እንዲህ ከሆነባችሁም በሪከቨሪ ሞዱ ሜኑ ላይ ዲፒኬጂ የሚለው የተበላሹ ጥቅሎችን ይጠግናል።

እትማችሁንም ቁጠሩ። እያንዳንዱ ዋና የሚንት እትም ወደ አምስት ዓመት ይደገፋል። 20ኛው በሚያዝያ 2025 አብቅቷል፣ 21ኛው እስከ 2027፣ 22ኛው እስከ 2029 ይቆያል። ጊዜው ያለፈበት እትም ላይ ሆኖ አፕዴት አጣሁ ማለት ብልሽት አይደለም።

የምትፈልጉት ፕሮግራም ሶፍትዌር ማናጀር ውስጥ ካልታየ ደግሞ ፍላትፓክ የሚባለው የፕሮግራም ማሰራጫ አይነት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ከ22 እትም ጀምሮ ሚንት በአዘጋጆቻቸው ያልተረጋገጡ ፍላትፓኮችን ይደብቃል። ከምርጫዎች ገጹ ማሳየት ይቻላል፤ ግን ማን እንዳዘጋጀው አይታችሁ ጫኑ። ከ20 ጀምሮ ስናፕ የሚባለው ሌላ የፕሮግራም ማሰራጫ እንዲሁ ተዘግቷል። የስናፕ መመሪያ ተከትላችሁ ካልሆነላችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ዴስክቶፑ ስታክ አደረገ

ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ ሜኑው ግን አይከፈትም። ፓወሩን ተጭናችሁ ከማጥፋታችሁ በፊት ኮንትሮል፣ አልትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫኑ። ሲናሞን ብቻውን እንደገና ይነሳል፤ የከፈታችኋቸው መስኮቶች ከነስራችሁ ይቆያሉ። ያልተቀመጠ ጽሁፍ ላለበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በየቀኑ የሚደጋገም ከሆነ ዴስክቶፑ ላይ ከውጭ የጨመራችኋቸውን ትናንሽ ተጨማሪዎች፣ አፕሌቶችና ኤክስቴንሽኖች፣ አንድ በአንድ አጥፉ። ሲናሞን ወድቆ በመጠባበቂያ ሁኔታ እየሰራ ነው የሚል መልዕክት የሚያመጡት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። የታችኛው ፓነል ላይ ቀኝ ክሊክ ስታደርጉ ትራብልሹት በሚለው ስር ሁሉንም ቅንብር ወደ መጀመሪያው የሚመልስ ምርጫ አለ። ፓነላችሁና መልኩ ይመለሳል፤ ፋይል አይነካም።

ችግሩ መቆም ሳይሆን መንቀርፈፍ ከሆነ ሲስተም ሞኒተርን ክፈቱና ሚሞሪውን እዩ። ሚንት ቢያንስ 2 ጊጋባይት ይፈልጋል፣ 4 ቢሆን ይመከራል። አሮጌ ማሽን ላይ ኤክስኤፍሲኢ እትም ከሲናሞን ይቀላል። ሚሞሪው በቂ ሆኖ ፋይል መክፈት ብቻ ከዘገየ ግን ዲስክስ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ፤ ዲስኩ ስለራሱ ጤንነት የሚመዘግበው የስማርት መረጃ ላይ ዲስኩ እየሞተ መሆኑን ሊነግራችሁ ይችላል። እንዲህ ካለ ሌላ ምንም አትሞክሩ። በዚያው ሰዓት ፋይላችሁን አውጡ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

በአማርኛ መጻፍ

ፊደሎቹ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆነው ከታዩ የግዕዝ ፎንት የለም ማለት ነው። ሶፍትዌር ማናጀር ውስጥ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ብላችሁ ፈልጉና ጫኑ፤ የከፈታችሁትን ፕሮግራም ዘግታችሁ ክፈቱ።

ለመጻፍ፣ በእንግሊዝኛ ድምጽ እየመቱ ፊደል ማውጣት የለመደ ሰው የኪቦርድ ቋንቋ ዝርዝር ውስጥ ያለው አማርኛ አይመቸውም። የሚፈልገው ኤም17ኤን የሚባለው የአይባስ (በተለያዩ ቋንቋዎች መጻፊያ ፕሮግራም) ጥቅል ነው። እሱን ከሶፍትዌር ማናጀር ጫኑ፣ ኢንፑት ሜተድ ውስጥ አይባስን ምረጡ፣ ከዚያ ወጥታችሁ ግቡ። መውጣትና መግባቱን የዘለለ ሰው አልሰራም ይላል። ከዚያ የአይባስ ምርጫዎች ውስጥ አማርኛ ፈልጉና ሴራ የሚለውን ጨምሩ።

ይህ ሁሉ ካልፈታው

ከሰው እርዳታ ስትጠይቁ «ሚንቴ አልሰራም አለ» ብቻ ብትሉ ማንም ሊረዳችሁ አይችልም። ሲስተም ሪፖርትስ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ፤ በአዳዲስ እትሞች ስሙ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ሆኗል። ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለው ገጽ የኮምፒውተራችሁን ካርዶች፣ የከርነሉን ቁጥርና በስራ ላይ ያሉትን ድራይቨሮች በአንድ ጽሁፍ ያወጣል፤ ኮፒ የሚል ቁልፍም አለው። ያንን አያይዙ። የትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ፣ ከመቆሙ በፊት ምን እንደተቀየረና የሞከራችሁትን ጻፉ። የስህተት ጽሁፍ ካለ በራሳችሁ ቃል አትንገሩ፤ በስልክ ፎቶ አንሱትና እንዳለ ላኩት። ፕሮግራም ድንገት የሚዘጋባችሁ ከሆነ እዚያው ክራሽ ሪፖርትስ የሚለው ገጽ ላይ የተዘጋበት ሰዓትና ዝርዝሩ ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ። እሱንም ጨምሩበት።